በልጅ ላይ ስለሚደርስ ጥቃትና ብቸኝነት አጭር ፊልም፣ ፖላንድ ውስጥ፦ ዱላው ይታይ ወይስ አይታይ?

ሜሮን

ሰላም ለሁላችሁ። ፖላንድ፣ ዉች ከተማ ውስጥ ለሚቀረጽ አጭር ድራማ ስክሪፕት እያዘጋጀን ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ የ9 ዓመት ልጅ፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከእናቱና ከእንጀራ አባቱ ጋር በቀድሞው የኮሚኒስት ሥርዓት በተሠራ የኮንክሪት ፓኔል ሕንጻ 4ኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። እንጀራ አባቱ ይደበድበዋል፤ እናቱ ታውቃለች፤ ጎረቤት ይሰማል፤ የሚናገር ግን የለም። በመጨረሻ አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ መጥታ ልጁን ይዛው ትሄዳለች።

ስክሪፕቱ 24 ገጽ ሆኗል፤ መሐል ላይ ይላላል። የምጠይቃችሁ፦ ዱላውን እናሳይ ወይስ አናሳይ? ብቸኝነቱን ያለ ንግግር እንዴት እናምጣው? ሕጻን ለማሠራት የፖላንድ ሕግ ምን ይጠይቃል? ካሜራና ድምጽ ላይም ልምድ ያላችሁ ዝርዝር ብትጽፉልን ደስ ይለናል።

ዳዊት ኬ.

ሰላም ሜሮን። ዱላውን አታሳዩ። ምክንያቱ ጨዋነት ብቻ አይደለም። ምቱ ፍሬም ውስጥ (ካሜራው በሚያሳየው ምስል ውስጥ) ሲገባ ተመልካች ዓይኑን ወደ አሠራሩ ያዞራል፤ እጁ ነካው ወይስ አልነካውም ብሎ ይመረምራል። ደቂቃ ያህል ያዝንና ያልፋል። ምቱ ከፍሬም ውጭ ሲሆን ግን የሚያየው ልጁን ነው፤ ታሪኩም የልጁ ነው። ሥራችሁን ከምቱ በፊት ባለው ሰዓት፣ ከምቱ በኋላ ባለው ሰዓትና በማግስቱ ላይ አድርጉት።

በፊት ያለው ሰዓት ማዳመጥ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አርሙ። በፖላንድ አቆጣጠር የምድሩ ወለል አይቆጠርም፤ ስለዚህ 4ኛ ፎቅ ማለት አምስተኛው ወለል ነው። እንደዚህ ያሉት ባለ አምስት ወለል ሕንጻዎች ደግሞ በአብዛኛው ሊፍት የላቸውም። ስክሪፕታችሁ ላይ የሊፍት ድምጽ ካለ ወይ ባለ 11 ፎቅ ሕንጻ ፈልጉ፣ ወይ ሊፍቱን አውጡት። እኔ ብሆን አወጣዋለሁ። ደረጃው ይበልጣል፤ ልጁ የሰውዬውን እርምጃ ከታች ጀምሮ ይሰማል፣ ፍጥነቱን ያነባል፣ በየመታጠፊያው ቆሞ ትንፋሽ ሲወስድ ምን ያህል እንደጠጣ ያውቃል። ከምድር እስከ 4ኛ ፎቅ በተለመደው ባለ ሁለት እጥፋት ደረጃ ስምንት አጭር መወጣጫዎች አሉ። ከመጀመሪያው መወጣጫ እስከ ቁልፉ ድምጽ ድረስ አንድ ሾት ሳይቆረጥ፣ የልጁ ፊት ላይ ብቻ፣ ከ40 እስከ 50 ሰከንድ ያዙ። ልጁ በዚያ ጊዜ የቤት ሥራውን ይሰበስባል፣ ጫማውን ያስተካክላል፣ መብራት ያጠፋል። አንድ ቃል አያስፈልገውም።

ከዱላው በኋላ ያለው ሰዓት የቤት ውስጥ ሥራ ነው፤ የተሰበረ መልቀም፣ ወለል መጥረግ። ማግስቱ ደግሞ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው፤ ሁሉም በአጭር እጅጌ፣ እሱ በረጅም። አስተማሪዋ አይታ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፍታ ትተወው።

አሁን መቁረጥ። ከ24 ወደ 16 ገጽ ውረዱ፤ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው የእንጀራ አባቱ ያለፈ ሕይወት ነው፤ ለምን እንደሚመታ ማስረዳት 16 ደቂቃ ውስጥ እንደ ይቅርታ ይሰማል። ቀጥሎ የትውስታ ትዕይንቶች ካሉ ይውጡ። ሰውዬው እንጀራ አባት መሆኑንም እንደገና አስቡበት። ተመልካች «የራሱ ልጅ ስላልሆነ ነው» ብሎ በቀላሉ ያመልጣል። ወላጅ አባት ይሁን፤ በመልካም ቀኑ ልጁን ትከሻው ላይ የሚሸከም፣ ብስክሌት የሚጠግንለት። ልጁ ብቻውን የሚቀረው የሚፈራውን ሰው ስለሚወድም ጭምር ነው፤ ይህን ለማንም ማስረዳት አይችልም።

ብቸኝነትን በተመለከተ ፖላንድ ያላት ቦታ ብዙ ነው። ትምህርት ቤቶች ከክፍል በኋላ ልጆች ወላጅ እስኪመጣ የሚቆዩበት ክፍል አላቸው፤ ሽፊየትሊጻ ይባላል። ወንበሮቹ እየተገለበጡ ጠረጴዛ ላይ ሲወጡ የመጨረሻ የቀረው ልጅ እሱ ይሁን፤ ተንከባካቢዋ ኮቷን ለብሳ ሰዓት ታያለች። ሌላው ግቢው ውስጥ ያለው ምንጣፍ መምቻ የብረት መወጠሪያ፣ ቸፓክ የሚሉት ነው፤ የሰፈር ልጆች የሚሰቀሉበት፣ የሚያወሩበት። ባዶውን አታሳዩት፤ ልጆች ሞልተውበት እሱ በመስኮት ሲያይ የበለጠ ያማል።

ሦስተኛ ክፍል ያላችሁት ደግሞ ትልቅ በር ይከፍታል። በካቶሊኩ ልማድ የመጀመሪያ ቁርባን የሚቀበሉት በዚያው ዕድሜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሜይ ወር ነው፤ ከቁርባኑ በፊት የመጀመሪያ ኑዛዜ አለ። የሚደበደብ ልጅ ተንበርክኮ «ወላጆቼን አልታዘዝኩም» ብሎ ሲናዘዝ አስቡት። ካህኑን ክፉ ማድረግ አያስፈልግም፤ ደግ ይሁን፣ የሰማውን ብቻ ይመልስ።

ካሜራ፦ የ9 ዓመት ልጅ ዓይን ቆሞ ከወለል 120 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ካሜራው እዚያ ይቀመጥ፣ ወደ ላይም አይዘንበል። አዋቂዎች ከደረት በላይ ይቆረጣሉ፤ እጅ፣ ቀበቶ፣ ቁልፍ ይቀራል። ይህን የካሜራ ደንብ አንድ ጊዜ ብቻ ስበሩት፤ እናቲቱ ፊቷን ለማሳየት በምትጎነበስበት ጊዜ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1959ኙ የፖላንድ የመኖሪያ ቤት ስፋት ደንብ ለሦስት ሰው የታሰበ ቤት ከ33 እስከ 38 ካሬ ሜትር ነበር። ክፍሉ ውስጥ ካሜራ፣ መብራትና አምስት ሰው አይገባም። ኮሪደር ላይ ቁሙና በተከፈተው በር በኩል ቅረጹ፤ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለሱፐር 35 ሴንሰር ይበቃል። ከ24 በታች ከወረዳችሁ ቤቱ ሰፊ ይመስላል፣ የበሩ ጠርዝም ይጣመማል። መስኮት የሌለው ኩሽና ያለበት ቤት ካገኛችሁ አትልቀቁት። ከሳሎኑ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ የግድግዳ መስኮት ዝግጁ ፍሬም ነው፤ ልጁ ሳሎን ተቀምጦ የእናቱን እጆች ብቻ ያያል።

ብርሃን፦ በዲሴምበር መጨረሻ ዉች ላይ ፀሐይ 1፡45 ጠዋት ገደማ ወጥታ 9፡30 ከሰዓት ገደማ ትጠልቃለች (በአገራችን አቆጣጠር)። ልጁ በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይመለሳል፤ ለታሪኩ መልካም ነው፣ ለቀረጻ ግን የመስኮት ብርሃን ሰባት ሰዓት እንኳ በቅጡ አይቆይም። የቀን ትዕይንቶችን አስቀድሙ። የአውሮፓ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ በሴኮንድ 25 ፍሬም ከሆነ ሹተሩ (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ፣ 24 ፍሬም ከሆነ የሹተሩ ማዕዘን 172.8 ዲግሪ ይሁን፤ ያለበለዚያ የደረጃው መብራት ይርገበገባል። ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎች ይህም ተስተካክሎ ሊርገበገቡ ይችላሉና ቀድማችሁ ፈትኑ፣ ካልሆነ በራሳችሁ ቀይሯቸው። የደረጃው መብራት በሰዓት ቆጣሪ የሚጠፋ ከሆነም አስተዳደሩን ጠይቃችሁ ሳይጠፋ እንዲቆይ አድርጉ፤ ያለዚያ ቴኩ (አንዱ የቀረጻ ሙከራ) መሐል ላይ ይጨልማል።

ሳባ (ድምጽ)

ዳዊት ያለው ሁሉ የሚቆመው ድምጹ ከሠራ ብቻ ነው፤ እኔ በዚያ ላይ ልጨምር።

የነዚህ ሕንጻዎች የውስጥ ተሸካሚ ግድግዳ 14 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ነው። በዚህ ግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ ንግግር ተነባቢ ፊደላቱን ያጣል፤ የሚቀረው ዜማውና ምቱ ነው። ወለል ላይ የወደቀ ወንበር፣ በኃይል የተዘጋ በር ግን በኮንክሪቱና በማሞቂያ ቱቦው በኩል ሦስት ፎቅ ወርዶ ይሰማል። ጎረቤት «አልሰማሁም» ሊል የማይችለው ለዚህ ነው። ቃላቱ የሚለዩበት ድብልቅ ከሠራችሁ ግድግዳው ሐሰት ይሆናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለቱን አዋቂ ተዋንያን ብቻ፣ ልጁ በሌለበት ቀን፣ እዚያው ቤት ውስጥ አስር ደቂቃ ያህል አጣሏቸው፤ ንጹሕ አድርጋችሁ ቅረጹ። ከዚያ ያንን ቅጂ በሚቀጥለው ክፍል በድምጽ ማጉያ እያጫወታችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ፣ ማይክራፎኑን የልጁ አልጋ ራስጌ አድርጋችሁ እንደገና ቅረጹ። ድምጽ ማጉያው መካከለኛ ሰው በሚጮህበት ልክ ይሁን፤ ከፍ ካለ የመስኮት መስታወት ይንቀጠቀጥና ቅጂው ይበላሻል። ቤቱን ለአንድ ቀን ብቻ ካገኛችሁና ይህ ካልሆነ፣ ንጹሑን ቅጂ ከ800 ኸርዝ በላይ ቁረጡና የክፍሉን የራሱን ማስተጋባት ጨምሩ። ዝግጁ የ«ትልቅ አዳራሽ» ማስተጋቢያ አትጠቀሙ፤ ወዲያው ይታወቃል።

ለምቱ ራሱ የቡጢ ድምጽ ከተዘጋጁ የድምጽ ስብስቦች አታምጡ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች አንድ ጊዜ ይንቀጭቀጩ፤ ይበቃል። ቀጥሎ የሚመጣው ጸጥታ ባዶ መሆን የለበትም፤ ማቀዝቀዣው ይጉረምርም። ለዚህ በየክፍሉ አንድ ሙሉ ደቂቃ የክፍል ድምጽ ቅረጹ፣ ማቀዝቀዣው በርቶም ጠፍቶም። ንግግር ስትቀርጹ ማቀዝቀዣውን አጥፉና የመኪና ቁልፋችሁን ውስጡ አስቀምጡ፤ ሳታበሩት አትሄዱም።

ከሁሉ የሚከብደው ድምጽ የጎረቤቱ ቴሌቪዥን ነው። ጩኸቱ ሲጀምር የቴሌቪዥኑ ድምጽ ቀስ ብሎ ይጨምር። የጎረቤቱን ፊት ማሳየት ሳያስፈልግ መስማቱና መምረጡ ይታወቃል። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ አድርጉ። ሙዚቃ አልመክርም፤ ተመልካቹን የት ማዘን እንዳለበት ይነግረዋል፣ ከልጁ ጋር ብቻውን መቀመጡንም ያስቀርለታል።

ኃይሉ (ፕሮዳክሽን)

ወደ ሕጉ ልግባ፤ መዘግየት የሚመጣው ከዚህ ነውና።

በፖላንድ የሠራተኛ ሕግ አንቀጽ 304⁵ መሠረት ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊሠራ የሚችለው ለባሕል፣ ለጥበብ፣ ለስፖርት ወይም ለማስታወቂያ ድርጅት ብቻ ነው፤ ያውም የወላጁ ወይም የአሳዳጊው ፈቃድና ከሥራ ተቆጣጣሪው የተሰጠ የጽሑፍ ፈቃድ አስቀድሞ ሲኖር። ማመልከቻውን የሚያስገባው አምራቹ ነው። አራት ነገር ይያያዛል፦ የወላጅ የጽሑፍ ስምምነት፣ ሥራው እንደማይጎዳው የሚገልጽ የሥነ ልቦናና ትምህርት ምክር ማዕከል አስተያየት፣ የሐኪም ማስረጃ፣ ልጁ ተማሪ ከሆነ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አስተያየት። ወረፋ የሚበዛው ምክር ማዕከሉ ጋ ስለሆነ ከቀረጻው ሁለት ወር በፊት ጀምሩ።

ፈቃዱ ላይ የሥራው ዓይነት፣ ጊዜውና በቀን የሚፈቀደው ሰዓት ይጻፋል። ያ ሰዓት ልብስ መቀየርንና መጠበቅን እንደሚጨምር አድርጋችሁ አቅዱ፤ ለንጹሕ ቀረጻ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ብታስቡ አትሳሳቱም። ተቆጣጣሪው ሥራው ለልጁ ጤና ወይም አእምሯዊ እድገት አስጊ ነው ካለ ይከለክላል፤ ሁኔታው ከፈቃዱ ጋር ካልገጠመም ይሰርዛል። ስለዚህ የእናንተ ዓይነት ርዕስ ሲሆን ስክሪፕቱን ብቻ አትላኩ። የልጁን እያንዳንዱን ትዕይንት፣ ልጁ በአካል የሚያየውንና የሚሰማውን፣ በሌለበት የሚቀረጸውን ለይታችሁ በሠንጠረዥ አያይዙ። የሳባ ዘዴ እዚህም ይረዳል፤ «ጩኸቱ ልጁ በሌለበት ይቀረጻል» ብሎ መጻፍ ብዙ ጥያቄ ያስቀራል።

ልጁን የሚያሠለጥንና የሚጠብቅ ሰው ከቀጠራችሁ አስቀድማችሁ በወሲብ ወንጀል ፈጻሚዎች መዝገብ ላይ ስሙን አጣሩ። ይህ ግዴታ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ሕግ ነው፤ ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 2024 ጀምሮ ጠንክሯል፣ የወንጀል ሪከርድ ማስረጃም ይጠየቃል።

ቀኑን ከትምህርት ቤት የክረምት እረፍት ጋር ብታገጥሙ ይቀላል። እረፍቱ ሁለት ሳምንት ነው፤ ከጃንዩዋሪ አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ በየክፍለ ሀገሩ በተለያየ ጊዜ ይውላል። የዉችን ቀን አጣሩ፤ የጎረቤት ክፍለ ሀገር ልጅ ከመረጣችሁ ቀኑ ላይገጥም ይችላል።

የመጨረሻው ትዕይንታችሁ ግን ስሕተት አለበት። አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ብቻዋን መጥታ ልጅ ይዛ አትሄድም። ሕይወቱ ወይም ጤናው ወዲያውኑ አደጋ ላይ ሲሆን ውሳኔው የሚወሰነው ከፖሊስና ከሐኪም፣ ከነርስ ወይም ከፓራሜዲክ ጋር በጋራ ነው፤ ፍርድ ቤትም በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያውቅ ይደረጋል። ስለዚህ በር ላይ ቢያንስ ሦስት ሰው ይቆማል። ልጁም ወደ ተቋም ብቻ አይሄድም፤ አብራ የማትኖር አያት ካለች እሷ ጋር ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ከኖቬምበር 30 ቀን 2020 ጀምሮ ፖሊስ አጥቂውን ራሱን ወዲያውኑ ከቤት እንዲወጣ ማዘዝ ይችላል። ትእዛዙ 14 ቀን ይቆያል፤ ፍርድ ቤት ካላራዘመው ያበቃል። ታሪኩ ዛሬ ከሆነ ይህንን መጨረሻ አስቡት፦ ሰውዬው ይወጣል፣ ልጁ ግን ከምታውቀውና ዝም ካለችው እናቱ ጋር ይቀራል፤ ቀን መቁጠሪያ ግድግዳው ላይ አለ። ከመወሰድ ይልቅ ይህ ነው የርዕሳችሁ ብቸኝነት።

ዘመኑንም ወስኑ። ሕጻንን በአካል መቅጣት በግልጽ የተከለከለው ከኦገስት 1 ቀን 2010 ጀምሮ ነው። ጥቃት ሲጠረጠር የሚከፈተው «ሰማያዊ ካርድ» የሚባለው አሠራር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሆነ አስተማሪዋ የምትሞላው ቅጽ የላትም፤ ዛሬ ከሆነ ግን አላት፤ ቅጹን ሳትሞላ የቀረችው ፈቅዳ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ፊልሞች ናቸው። በዛሬው አሠራር ካርዱን ለመክፈት የተጎጂው ፈቃድ አያስፈልግም፤ «እናትየዋ ስላልተስማማች ቀረ» የሚል ንግግር ካላችሁ አውጡት።

ሜሮን

በጣም አመሰግናለሁ፤ ኃይሉ የጠቆምከው መጨረሻ ስክሪፕቱን ይቀይረዋል። ታሪኩ ዛሬ ይሁን ብለናል። ሁለት ነገር ልጨምር፦ የሚጫወተው ልጅ ስለ ምን እንደሚጫወት ይነገረው? ሌላው፣ የገና ዋዜማ እራት አለን፤ በፖላንድ ልማድ ለድንገተኛ እንግዳ የሚቀመጠው ባዶ ሳህን አለ። ይቆይ?

ዳዊት ኬ.

ሳህኑ ይቆይ፤ ማንም አይጥቀሰው፣ ካሜራም አይቅረብበት። በፖላንድ ያለ ተመልካች ያለማመልከት ያየዋል። ፊልሞች ላይ ብዙ ስለተደጋገመ ልጁ ሄዶ እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ግን ትዕይንቱ ይወድቃል።

ለልጁ እኔ ሙሉውን አልነግረውም። ትዕይንት በትዕይንት፣ ተግባር ብቻ፦ «ደረጃው ላይ ድምጽ ስትሰማ መጽሐፉን ዝጋ»። ታሪኩን ሲያውቅ ማዘን ይጀምራል፤ ካሜራ ፊት የሚያዝን ልጅ ደግሞ ይታወቅበታል።

ገነት (ከሕጻናት ጋር የምትሠራ)

በዚህ ላይ ከዳዊት አልስማማም። የ9 ዓመት ልጅ ፊልሙን በምርቃቱ ቀን አዳራሽ ውስጥ ያየዋል። ያን ጊዜ፣ በሰው ፊት፣ የሚመታ ልጅ ሆኖ መጫወቱን ቢያውቅ እንደተታለለ ይሰማዋል፤ ትክክልም ነው። በዕድሜው ልክ ይነገረው፦ «ይህ ልጅ ቤቱ ውስጥ አባቱ ይመታዋል፣ ለማንም አልተናገረም፤ አንተ እሱን ትጫወታለህ፣ አንተን ግን ማንም አይነካህም»። ዝርዝር አያስፈልግም። የተግባር መመሪያው የዳዊት ይሁን፤ እሱ ላይ ልክ ነው። «አሁን እዘን» ወይም «የሞተብህን ውሻ አስታውስ» የሚል መመሪያ ግን ፈጽሞ አይሰጥ።

ለዝግጅቱ የገጸ ባሕርዩ ስም ከልጁ ስም የተለየ ይሁን፤ በቀረጻ ላይ በገጸ ባሕርዩ ስም፣ «ቁም» ከተባለ በኋላ ወዲያው በራሱ ስም ይጠራ። የገጸ ባሕርዩ የሆነ አንድ ልብስ፣ ለምሳሌ ሹራቡ፣ ሲጀምር ይለበስ፣ ሲያልቅ እዚያው ይቅር፤ ቤቱ ይዞት አይሂድ። ልጁ ማንኛውንም ቴክ የሚያስቆምበት አንድ ቃል ይኑረው፣ በመጀመሪያው ቀን እንዲሁ ለሙከራ ይጠቀምበት፤ ሲያስቆም ሁሉም በእውነት ሲቆም ካላየ አያምነውም። አባቱን ከሚጫወተው ሰው ጋር ከቀረጻ በፊት ሁለት ሦስት ቀን ይጫወት፣ ኳስ ይራገጥ። ተዋናዩ በቀረጻ መሐል «ገጸ ባሕርዬ ውስጥ ልቆይ» ብሎ ልጁን ከተኮሳተረበት አስወግዱት።

ከባዱን ትዕይንት በቀኑ መጀመሪያ አታድርጉ፣ በመጨረሻም አታድርጉ፤ መሐል ላይ፣ ከዚያ በኋላ ቀላል ትዕይንት ይቅረጽና ደስ ብሎት ይሂድ። ከአራት አምስት ቴክ በላይ አትድገሙት፤ የልጅ ምርጥ ቴክ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ነው፣ ከዚያ በኋላ ራሱን መቅዳት ይጀምራል። በሚጎተት እጅ ወይም በጀርባ ብቻ ለሚታይ ሾት ቁመቱ አጭር የሆነ አዋቂ ተኩት።

በምርጫ ጊዜም ጥንቃቄ አለ። ለልጆች መፈተኛ የጥቃቱን ትዕይንት አትስጡ። ሽፊየትሊጻው ውስጥ ብቻውን የሚጠብቅበትን ስጧቸው፤ ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚታይ ልጅ ነው የምትፈልጉት። ከመካከላቸው አንዱ ቤቱ ውስጥ ስለሚደርስበት ነገር በድንገት ሊናገር ይችላል። ስለዚህ የሥነ ልቦና ባለሙያ በዚያ ቀን ይገኝ፤ ልጁ ምንም ቢናገር ለማን እንደሚተላለፍ ቀድሞ ይጻፍ። ጥያቄ እየደራረበ የሚመረምረው ዳይሬክተር አይሁን። በፖላንድ ከ15 ዓመት በታች ያለ ተጎጂን ቃል የሚቀበለው ፍርድ ቤት ነው፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ባለበት፣ በመርሕ ደረጃ አንድ ጊዜ ብቻ። ቀድሞ የተደረገ ያልተጠነቀቀ ጥያቄ ያንን ሊያበላሽ ይችላል።

ኃይሉ (ፕሮዳክሽን)

ገነት ያለችውን ጽሑፍ ለተቆጣጣሪው ከሚላከው ሠንጠረዥ ጋር አያይዙት።

ገንዘብን በተመለከተ፣ በፖላንድ የፊልም ባለሙያዎች ማኅበር ሥር ያለው የአንድዜይ ሙንክ ስቱዲዮ ለጀማሪ ዳይሬክተሮች «30 ደቂቃ» የሚል የአጭር ልቦለድ ፊልም መርሐ ግብር አለው፤ ቅድሚያ እሱን እዩ። ለማሳያ ደግሞ ከ1961 ጀምሮ ያለው የክራኮቭ ፊልም ፌስቲቫል አለ። 16 ደቂቃ የሆነ ፊልም ከሌሎች ጋር አንድ መርሐ ግብር ውስጥ ለመግባት ከ24 ይቀላል፤ ሌላው ለመቁረጥ የሚሆን ምክንያት ይሄ ነው።

የመዝጊያ ጽሑፉ ላይ የልጆችና ወጣቶች ነጻ የስልክ መስመር 116 111 ይግባ፤ የሚያስተዳድረው «ለልጆች ኃይል እንሰጣለን» የሚለው ፋውንዴሽን ነው። የሕጻናት መብት እንባ ጠባቂው መስመር 800 12 12 12 ነው። ሁለቱንም ለብቻቸው፣ በጥቁር ላይ፣ ቢያንስ ስምንት ሰከንድ አቆዩአቸው፤ ከስሞች ጋር አብረው ከተንሸራተቱ ማንም አይጽፋቸውም።